ጸበል ተራ ስጠብቅ ያገኘሁት ራፐር

እናቴ ጸበል ቅዳልኝ ብላ ቢጫ ጀሪካን አስይዛ እንጦጦ ሰደደችኝ። ሰልፉ ላይ ከፊቴ ነጠላ ያጣፋ ረጅም ሰውዬ ቆሟል። ነጠላው ሸርተት ሲል አንገቱ ላይ የማይክሮፎን ንቅሳት አየሁ። ክው አልኩ! ያ አሜሪካዊ ራፐር ነው! ከየትኛውም የሙዚቃ ኩባንያ ጋር አልፈርምም ብሎ፣ ሦስት አልበሞቹን በራሱ መኪና ጭኖ መንገድ ላይ ሲሸጥ ኖሮ ድንገት የጠፋው። ከላምበረት እስከ እንጦጦ ከእኔ በቀር የሚያውቀው ሰው ያለ አይመስለኝም።

«አንተ ነህ አይደል?» አልኩት በእንግሊዝኛ።

«ተሳስተሃል ወንድሜ» አለኝ፣ ያውም በአማርኛ።

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ጀሪካኑን መሬት አስቀመጥኩና የመጀመሪያ አልበሙን መክፈቻ፣ ትንፋሽ ሳልወስድ፣ እጄን እያወናጨፍኩ ለቀቅኩበት። ፊቱ ሲለዋወጥ ሳይ ጭራሽ ባሰብኝ፤ ድምፄን ጨመርኩ።

ሰልፈኛው ከአጠገቤ ሸሸ። «መንፈስ ነው የሚያስለፈልፈው!» አለ አንዱ። አጥማቂው አባ መስቀላቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ።

«ማነህ? ስምህን ተናገር! የት ያዝከው?»

«አባ፣ ራፕ ነው!»

«ተናገረ! ስሙን ተናገረ!» አሉ ሰልፈኞቹ ከኋላዬ።

የእንጦጦን ውኃ ቅዝቃዜ የቀመሰ ያውቀዋል፤ አንድ ባልዲ ሙሉ ከአናቴ ላይ ወረደ። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ወደ ራፐሩ ዞርኩ። «እባክህ፣ አንተ እንኳ ንገራቸው!»

እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገና ወደ አባ ዞረ።

«አባ፣ ይድገሙለት። እኔንም ሲጀምረኝ እንዲህ ነበር ያደረገኝ።»