ውሃ የጠጣ ወለል

ንፋስ መውጫ ላይ የጣውላ ወለል ያለው ቤት ብዙ አይደለም። የእኛም ቢሆን ለይታይልኝ የተሠራ አይደለም። አማቴ ከቤተ ልሔም ገዳም በታች ካለው መንደራቸው ወደ እኛ ሲመጡ ጉልበታቸው ብርዱን አልችል ብሏቸው ነበር፤ ባለቤቴም «እናቴን እርጥብ አፈር አላስረግጣትም» ብሎ ተነሣ። ቤታችን ተዳፋት ላይ ስለሆነ የጓሮው ወገን በድንጋይ ተክቦ ከፍ ያለ ነው። አፈር ሞልቶ ከመደልደል አግዳሚ እንጨት ዘርግቶ ጣውላ መምታት ይሻላል ተባለ። ስለዚህ ከወለላችን ሥር ባዶ ነው፤ ጎንበስ ያለ ሰው በጓሮ በኩል ይገባበታል።

እንጨቱን መረጥን ማለት እንኳ ይከብደኛል። አናጺው «ጽድ ቢሆን አይበሰብስም ነበር» አለ። ጽድ ደግሞ በእኛ አካባቢ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፤ የዚያን ቅርንጫፍ ማን ይነካል? ባህር ዛፍ ገዛን። አናጺው ሥሩን የተቃጠለ ዘይት ቀባው፣ ላዩን በሰም ወለወለው፤ ሲሄድ ደግሞ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ «ውሃ እንዳይነካው፣ በደረቅ ጨርቅ ብቻ» አለኝ። ለእኔ ብቻ መንገሩ ነው ጣጣው።

አማቴ ውሃ ሳይረጩ መጥረጊያ አያነሡም። ዕድሜ ልካቸውን የጠረጉት በእበት የተለቀለቀ ወለል ነው፤ አቧራው እንዳይነሣ መጀመሪያ ይረጫል፣ ከዚያ ይጠረጋል። ማለዳ ማለዳ አልጋዬ ላይ ሆኜ ውሃው ጣውላው ላይ ሲንጠባጠብ እሰማለሁ። አፌ ድረስ የመጣው ነገር ብዙ ነው፤ ግን ምራት አማቷን እንዲህ ይጥረጉ፣ እንዲህ አይጥረጉ አትልም። ባለቤቴ የመንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው። በስልክ ስነግረው «አንቺው በዘዴ ንገሪያት» ይለኛል። ዘዴ! ለገዛ እናቱ እሱ ሊነግራት ያልደፈረውን እኔ በዘዴ!

ሁለተኛው ክረምት ሲገባ እኔ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ጣውላው መሀል ላይ አብጦ ተነሣ፤ ስረግጠው ያቃስት ጀመር። ፈራሁ። መጀመሪያ የፈራሁት ለጣውላው ነበር፣ በኋላ ለሆዴ። ከወንበር ወደ አልጋ ስሄድ ግድግዳ ይዤ፣ የምስማሩን መስመር እየተከተልኩ፣ ዳር ዳሩን ነው። ሆዴ በገፋ ቁጥር ድምፁ ይብሳል። እግሬን ባነሣሁ ቁጥር ከታች ያለው ድንጋይ ይታየኛል።

አማቴም ድምፁን ሰምተዋል። አንድ ቀን በበትራቸው መሀሉን መታ መታ አደረጉና «ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚነቃነቅ?» አሉኝ። አሁን ነው መናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ። «እንጃ፣ እማማ» ብዬ መልሼ ዘጋሁት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃው ባሰ። ጠዋት ብቻ ይረጩ የነበሩት ማታም ጨመሩ፤ መሀሉ ላይማ መርጨት ቀርቶ ማፍሰስ ሆነ። በንዴት ጥርሴን ነክሼ የሚረጩበትን ጆግ ደበቅኩት፤ በጣሳ ቀጠሉ። ሌላም ልማድ አመጡ። እኔ ከተቀመጥኩበት ብድግ ስል ቀድመውኝ ይነሡና በትራቸውን እያስቀደሙ ከፊት ከፊቴ ይሄዳሉ። በገዛ ቤቴ የምጠበቅ መስሎኝ ይህም አንገበገበኝ።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ከሰዓት፣ ዝናብ ሲያካፋ፣ የተሰጣ ልብስ ላስገባ ተነሣሁ።

«ቆይ፣ እኔ ልቅደም» አሉና ወደ መሀል ወጡ።

ጣውላው ድምፅ እንኳ አላሰማም፤ እንደ ራሰ ዳቦ ተናደ። አማቴ በአንድ እግራቸው እስከ ታፋቸው ሰመጡ። ጮኼ ወደ እሳቸው ስሮጥ በትራቸውን ደገኑብኝ።

«ባለሽበት ቁሚ! አንቺን አይችልም!»

«እማማ፣ እግርዎ!»

«የኔን እግር ተይው! ዳር ዳሩን ይዘሽ ውጪ!»

ዳር ዳሩን ወጥቼ ጎረቤት ጠራሁ። በጓሮ ገብተው ከሥር እየደገፉ አወጧቸው። አጥንታቸው ተርፏል፤ ቆዳቸው ግን ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ተገፏል። ቁስሉን አጠብኩላቸው። እሳቸው ቁስሉን አላዩም፤ የሚያዩት ቀዳዳውን ነበር።

«አፈር እኮ ሲላላ ውሃ ካጠጡት ይጠነክራል» አሉ። «እሱም ሲነቃነቅ ጊዜ ውሃ ጨመርኩለት። ነፍሰ ጡር ይዣለሁ፣ ይጽናልኝ ብዬ።»

ያን ጊዜ ነው የወጣልኝ። «እንጨት በውሃ ይበሰብሳል፣ እማማ። አናጺው ነግሮኝ ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ፈርቼዎት ነው።»

 ከዚያ እጃቸውን ሆዴ ላይ አኖሩ።

«እኔን ፈርተሽ ነው» አሉኝ፣ «በዚህ ላይ ስትሄጂ የነበረው?»