ስሜነሽና የቸኮለችው ንግሥት

ስሜነሽ የምትኖረው ላስ ቬጋስ አጠገብ ባለችው ሄንደርሰን ከተማ፣ ከዋተር ስትሪት ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ባለ አፓርትመንት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የካዚኖ ሆቴል ክፍል ስታጸዳ ኖራ፣ ጉልበቷ እምቢ ሲላት ጡረታ ወጣች። ባሏ ይልማ ኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሳቂታ ሰው ነበር። ባለፈው መስከረም ኩላሊቱ ከድቶት አረፈ። አንድ ልጇ ወንድይራድ ሮድስ ራንች የሚባል ሰፈር ነው ያለው፤ በመኪና ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ግን ለገናና ለፋሲካ ካልሆነ ብቅ አይልም። ሲመጣም ጃኬቱን አያወልቅም።

ወንድይራድ የይልማ ልጅ አይደለም። ወላጅ አባቱ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሱዳን በተሰደደ በዓመቱ ገዳሪፍ አጠገብ፣ ስደተኞች ካምፕ ውስጥ በወባ ሞተ። ያኔ ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ስሜነሽም ገና ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። የሟች የቅርብ ጓደኛ የነበረው ይልማ የአሜሪካ ጉዳዩ ሊያልቅለት ተቃርቦ ነበር። ስሜነሽ አርባው በወጣ በሦስተኛው ሳምንት አገባችው። ሦስቱም በአንድ ፋይል ላስ ቬጋስ ገቡ።

ካምፑ ውስጥ ያኔ ብዙ ተወራ። ወንድይራድ ግን አንድም ቀን አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም። ይልማን «አባባ» ብሎት አያውቅም። ይልማ ሲቀበር እንኳ ከመቃብሩ ራቅ ብሎ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

ልጇ የነፈጋትን የልጅ ልጇ ሮሐ ነበረች የምትክሳት። ሮሐ የወንድይራድ ልጅ ናት፣ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት። ሐሙስ ሐሙስ ክላስ ስትጨርስ አያቷ ዘንድ ትመጣለች። በጥር ወር አንድ ሐሙስ ፊቷ ጨፍግጎ ገባች።

«ምን ሆነሻል?»

«ፔፐር መጻፍ አለብኝ፣ እማማ። በጣም ከባድ። የድሮ ቲያትር ነው።»

«ስለ ምን?»

«ኪንጉ ሞተ። ሚስቱ፣ ኩዊኗ፣ ቶሎ አገባች። ሁለት ወር ሳይሆን። የኪንጉን ወንድም! ልጇ በጣም ተናደደ።»

ስሜነሽ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። «እስቲ በደንብ ንገሪኝ» አለቻት።

ሮሐ በሚንገዳገድ አማርኛዋ ነገረቻት። ከአራት መቶ ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር የተጻፈ ትራጄዲ ነው። ንጉሡን የገደለው ያው ወንድሙ ነው። ልዑሉ የአባቱን ደም ልመልስ እያለ ሲያመነታ ይቆይና፣ በመጨረሻ እሱም እናቱም ገዳዩም በአንድ ቀን ያልቃሉ። የሮሐ ፔፐር ግን ስለ ቲያትሩ አልነበረም፤ ሐያስያን ስለ ንግሥቲቱ ምን አሉ የሚል ነው።

«ምን አሉ?» አለች ስሜነሽ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ንባብ ሆነ። ሮሐ ላፕቶፑን ከፍታ ትተረጉማለች፤ ስሜነሽ እጇን አጣጥፋ ታዳምጣለች። የጥንቶቹ ሐያስያን ጨካኞች ነበሩ፤ ንግሥቲቱን ደካማ፣ ለሥጋዋ ያደረች ብለዋታል። ከዓመታት በኋላ አንዲት ሴት የንግሥቲቱን ንግግር ቃል በቃል ለቅማ፣ ስለ ግድያው ማወቋን የሚያሳይ አንድም መስመር የለም ስትል ጻፈች። ሌላው፣ ዙፋኑ እንዳይናወጥ ብላ ነው ያገባችው አለ። ሌላው ደግሞ፣ ልዑሉ ከገዳዩ ይልቅ በእናቱ የሚናደደው እሷን ከማንም ጋር መጋራት ስላልቻለ ነው ይላል።

«እሷ ራሷስ?» ብላ ጠየቀች ስሜነሽ አንድ ቀን። «ለምን እንዳገባች አልተናገረችም?»

«ትንሽ ነው የምታወራው። መቸኮሏን አንድ ቦታ ታምናለች። ለምን እንደሆነ ግን አትልም።»

«እኔም ቸኩያለሁ» አለች ስሜነሽ።

ሮሐ ይልማ የአባቷ ወላጅ አለመሆኑን ታውቃለች፤ ከዚያ ያለፈ ግን በቤታቸው ተነስቶ አያውቅም። ስሜነሽ ሁሉንም ነገረቻት፦ ወባውን፣ አርባውን፣ ሦስቱን ሳምንት።

«ለዳዲ ነገርሽው?»

«አልጠየቀኝም።»

«ኩዊኗንም ማንም አልጠየቃትም» አለች ሮሐ።

ይህች ቃል ስሜነሽን እንቅልፍ ነሳቻት። ቅዳሜ ሮሐ መኪናዋን ይዛ መጥታ ሮድስ ራንች ወሰደቻት። የሰፈሩ መግቢያ በር ላይ ጠባቂው የስሜነሽን ስም ጠይቆ ቤት ደወለና አስገባቸው። የወንድይራድ ሚስት ራሄል ስማ ተቀበለቻትና፣ የአማቷንና የባሏን ፊት ስታይ ሮሐን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች።

«ስለ አባትህ ልነግርህ ነው የመጣሁት» አለች ስሜነሽ።

ወንድይራድ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። «አሁን? ከአርባ ዓመት በኋላ?»

«አዎ፣ አሁን።»

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። አባዬ በሕይወት እያለ ነው የጀመራችሁት?»

«አይደለም። በአንተ እምላለሁ፣ አይደለም።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «እሺ። እኔን ከዚያ ለማውጣት ነው ያገባሽው።»

ይህን እንደ ጥያቄ አልነበረም ያለው። እንድትይዘው ያቀበላት ነገር ነበር። አንገቷን በአዎንታ ብትነቀንቅ ኖሮ ያን ቀን ሁለቱም ተቃቅፈው ባለቀሱ ነበር። አንገቷን ልትነቀንቅም ከጅሏት ነበር። ግን ይልማ ትዝ አላት፤ የአርባ ዓመት ባሏን እንደ ቪዛ ብቻ ልትቆጥረው አልሆነላትም።

«ለዚያም ነው» አለች። «ግን እወደውም ነበር።»

«ለአንተ ስል ነው ብትይኝ ይሻለኝ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

ወንድይራድ ተነስቶ ጀርባውን ሰጣት። «አንድ ቀን ከውኃ ወረፋ ስመለስ» አለ፣ «ድንኳኑ በር ላይ ከእሱ ጋር ስትስቂ አየሁሽ። አባዬ ከሞተ በኋላ የሳቅሽው ያን ቀን ነው። እኔ ገና አልሳቅኩም ነበር።»

ስሜነሽ ያን ሳቅ አታስታውሰውም። ምን እንዳሳቃት፣ ይልማ ምን እንዳላት፣ ምንም። ልጇ አንድ ዕድሜ ሙሉ የተሸከመውን ነገር እሷ በዚያው ቀን ረስታዋለች። ይቅር በለኝ ልትለው ፈለገች፤ ግን ለሳቅ ይቅርታ እንዴት እንደሚጠየቅ አላወቀችም። እሱም ደረጃውን ወጥቶ የመኝታ ቤቱን በር ዘጋ።

ሲመለሱ መንገድ ላይ ሮሐም አልጠየቀቻት፤ አያቷ በመስኮቱ በኩል እያየች ስታለቅስ መንዳቷን ብቻ ቀጠለች።

ፔፐሩ ጥሩ ውጤት አመጣ። ስሜነሽ ሮሐን መጨረሻው ላይ ምን ብላ እንደጻፈች ጠየቀቻት።

«ክሪቲኮቹ ሁሉ ወይ ከልጁ ጋር ይቆማሉ፣ ወይ ከእናቲቱ ጋር። እኔ መምረጥ አልቻልኩም ብዬ ጻፍኩ» አለች ሮሐ።

ለፋሲካ ወንድይራድ አልመጣም። ራሄል፣ «የሥራ ሺፍት ገብቶበት ነው» ብላ ደወለች። ስሜነሽ አላመነቻትም፤ ግን «እሺ፣ እንኳን አደረሳችሁ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ይልማ ከሞተ ወዲህ ለሁለት ሰው ማብሰሏን መተው አቅቷት ነበር። ያን ቀን ይልማንም ቆጥራ ለአምስት ሰው የሠራችውን ዶሮ ለጎረቤት አደለችው።

መስከረም ሲመጣ የይልማ ሙት ዓመት ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ምሳ ተሰጠው። ስሜነሽ ጥቁር ለብሳ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ምሳው ሊያልቅ ሲል ወንድይራድ ብቻውን ገባ። ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ፤ ሰሐን ሲሰጡት ተቀብሎ በላ። ሮሐ ከማዶ ሆና አባቷን ታየዋለች፤ አያቷን ታያለች።

ሊወጣ ሲል እናቱ ፊት ቆመ። እንደ ሌላው ለቀስተኛ ጎንበስ አለ።

«ነፍስ ይማር» አላት። «እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

ከተወለደ ጀምሮ አንቱ ብሏት አያውቅም። ስሜነሽ እጇን ዘርግታ እጁን ያዘች፤ አልነጠቃትም፣ ግን አልጨበጣትምም።

«አሜን» አለችው።

ከኋላው ተሰልፈው የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። እጁን ለቀቀችና ቀጣዩን ተቀበለች።