ቃብላኑ የቆረጠው ብረት

ይህ ነገር የደረሰብን ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ብዙ ሰው «እግዚአብሔር አውጥቷችኋል፤ አሁንስ እርሺው» ይለኛል። አልረሳሁትም። ቤቱን የሚያሳድስ ሰው ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ የምጽፈውም ለዚያ ነው። አንድ ሰው እንኳ አንብቦት ግድግዳ ከማፍረሱ በፊት ቆም ቢል ይበቃኛል።

እኔና እናቴ የምንኖረው እስራኤል፣ ሐዴራ ከተማ፣ ነቬ ሐይም ሠፈር፣ አራት ፎቅ ባለው አሮጌ ሕንጻ የታችኛው ቤት ውስጥ ነው። እናቴ ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል ስትመጣ እኔን አዝላ ነበር የተጓዘችው። ያን ሁሉ መንገድ የሄደ ጉልበት አሁን ደክሞ፣ ጎማ ባለው መደገፊያ፣ ሃሊኮን በምንለው፣ መሄድ ጀመረች። ከኩሽና ወደ ሳሎን የሚያሳልፈው በር ግን ለሃሊኮኑ ጠበበ። በቀን ስንት ጊዜ እየተጋጨች ስትመለስ አያታለሁ። ስለዚህ በመሐል ያለውን ግድግዳ አስፈርሼ ሰፊ ላደርግላት ወሰንኩ።

ቃብላን፣ ማለት ቤት የሚያድስ ሰው፣ ያገናኘን አንድ ዘመዳችን ነው። ለቅሶ ቤት ተገናኝተን «የኛው ልጅ ነው፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ» አለኝ። ስሙን አልጽፍም፤ ቃብላኑ እለዋለሁ።

ሲመጣ መጀመሪያ ያደረገው የእናቴን ጉልበት መሳም ነው። አጠገቧ ተቀምጦ ስለ አገሯ ጠየቃት፤ አባቱም ከዚያው አካባቢ መሆኑን ነገራት። እናቴ በደስታ ያላትን ሁሉ አቀረበችለት። እኔ መሐንዲስ ቢያየው አይሻልም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳና ሳቀ።

«እኅቴ፣ ይኼ እኮ ጌቬስ ነው። ለጌቬስ መሐንዲስ ይጠራል?»

ጌቬስ ማለት ክፍል ለመክፈል ብቻ የሚያቆሙት ቀላል ግድግዳ ነው፤ ምንም አይሸከምም። የሥራ ፈቃዱን እንዲያሳየኝ ስጠይቀው ፊቱ ተለወጠ። እንደ ባዕድ እንዳየሁት፣ እሱ የኛው ሰው ሆኖ እንዲህ መጠየቅ እንደማይገባው ተናገረ። እናቴ በዓይኗ ገሠጸችኝ። ንግግሩ በዚያው አበቃ።

ሥራው ሲጀመር እኔ ቤት ነበርኩ። ሲፈረካከስ የነበረው ግድግዳ ጫፉ ላይ ሲደርስ መዶሻው አልበላ አለው። መቁረጫ ማሽን አምጥቶ ከውስጥ ብቅ ያለውን ብረት ቆረጠ፤ የእሳት ፍንጣሪ ወለሉ ላይ ተረጨ። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው የድሮ የውሃ ቧንቧ ነው አለኝ። ቧንቧ ከሆነ ለምን ውስጡ ድፍን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ የማውቀው ሥራ አይደለም። ቆሻሻውን አወጡ፤ ቦታው ሰፋ። እናቴ በሃሊኮኗ ከኩሽና እስከ ሳሎን ሳትጋጭ ሄዳ፣ ተመልሳ መጥታ መረቀችው። ያንን ምርቃት ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ ከእኛ በላይ የምትኖረው ሶንያ በረንዳዋ ላይ ሆና ጮኸች። ሶንያ ከካውካዝ ተራሮች አገር የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰላምታ ብቻ ነበር የምንለዋወጠው። የቤቷ በር አልከፈት ብሏት ውስጥ ቀርታለች። ከውጭ ገፍቼ ከፈትኩላት። በሩ ትናንትና ደህና ነበር አለች።

ለቃብላኑ ደወልኩ። እርጥበት ነው፣ አናጢ ጠርታ ጠርዙን ታስልገው አለኝ። እንዳለው አስደረገች። በሩ ግን እንደገና ተያዘ። በዚያው ሰሞን የእኛ መኝታ ቤት መስኮት፣ ማንም ሳይነካው፣ መስተዋቱ ተሰነጠቀ። እኔ ሥራ ላይ እያለሁ እናቴ ደውላ «ልጄ፣ ግድግዳው ይንቋቋል» አለችኝ።

ቃብላኑን ለምኜው መጣ። ከሳሎኑ ጣሪያ ጥግ ጀምሮ ወደ እናቴ ክፍል የሚወርድ ስንጥቅ ነበር። ማስቲክ በሚሉት መድፈኛ ደፈነው፣ ነጭ ቀለም ቀባበት። እናቴ ይኼ ቤት በላያችን አይወርድም ወይ ብላ ጠየቀችው።

«አይስጉ እማማ፤ ቤትም እንደ ሰው ይተነፍሳል» አላት።

በማግሥቱ አዲሱ ቀለም ለሁለት ተከፍሎ አገኘሁት።

እኔና ሶንያ ተነጋግረን መሐንዲስ ጠራን። ዓርብ ቀን፣ ሰው ሁሉ ለሰንበት ሲዘገጃጅ፣ አንዲት ወጣት ሴት መጣች። ሰላም ብላ ገባች፣ ጣሪያውን አየች፣ ከዚያ ቃብላኑ የቆረጠው ቦታ ላይ ተንበርክካ ፕላስተሩን በመሮ ነካካችው። ከወለሉም ከጣሪያውም የተቆረጡ የብረት ጫፎች ብቅ አሉ። ማን እንደቆረጣቸው ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ቀና ብላ «በዚህ ሕንጻ ውስጥ አሁን ስንት ሰው አለ?» አለች።

ጌቬስ አልነበረም። በግድግዳው ውስጥ የተደበቀ ምሰሶ ነበር። ከላያችን ያሉት ሦስት ፎቆች እሱ ላይ ያርፉ ነበር።

ሁሉም ሰው ወዲያው እንዲወጣ አዘዘች። በየበሩ እየሮጥኩ አንኳኳሁ። ምድጃ ላይ ምግብ የጣደ እሳቱን አጥፍቶ ወጣ፤ ሕፃን በፎጣ ጠቅልላ የወጣች አለች፤ ከአራተኛ ፎቅ አንድ ሽማግሌን ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው አወረዱ። ሁሉም ግቢው ውስጥ ቆመው እኛን ያያሉ። ማንም አልተሳደበም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሠራተኞች የብረት ድጋፍ ይዘው ደርሰው ጣሪያውን ደግፈው ሲያቆሙ ሰንበት ሊገባ ምንም አልቀረውም ነበር።

ለቃብላኑ ስደውል አያነሳም። መልእክት ላክሁ፤ እንዳነበበው አየሁ፤ መልስ የለም።

እኔ ግቢው ውስጥ እያለቀስኩ ሳለሁ ሶንያ መጣች። በእኛ ምክንያት ቤቷን ለቅቃ የወጣች ሴት እናቴን ክንዷን ይዛ የራሷ ሴት ልጅ መኪና ውስጥ አስገባቻት። የሶንያ ልጅ የምትኖረው ሌላ ሠፈር ነው፤ ወደ ቤቷ ወሰደቻቸው። እናቴ ዕብራይስጧ ትንሽ ነው፣ የሶንያም ከእሷ አይሻልም። ድጋፉ በምሰሶ እስኪተካ ድረስ ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሰነበቱ፤ ስሄድ ሶንያ እናቴን ጫማ ስታደርግላት አገኛታለሁ።

አሁን በጣም ወዳናደደኝ ነገር ልምጣ። ቃብላኑ ስልክ ሳያነሳ ከርሞ፣ ክስ ልመሠርት መሆኑን ሲሰማ ሽማግሌዎች ላከ። ሦስት የተከበሩ አባቶች ሶንያ ልጅ ቤት ድረስ መጡ፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ከኋላቸው ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ልጆች አሉት አሉ። የኛን ጉዳይ በባዕድ ፍርድ ቤት ምን አደረሰው፣ እዚሁ በመሐላችን እንጨርሰው አሉ። እሱ የዛሬ ልጅ ነው፣ ተሳስቷል፣ ይቅር በሉት አሉ። አንድም ሰው ምን ቆረጠ ብሎ አልጠየቀም።

እናቴ እስኪጨርሱ አዳመጠቻቸው። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«ልጄ፣ ስትቆርጠው ብረት መሆኑን አይተኸዋል?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «መልስ እንጂ» አለው።

«አይቻለሁ እማማ» አለ።

«እኔ ከሥሩ እንደምተኛስ?»

እናቴ ሃሊኮኗን ይዛ ተነሣች። ሽማግሌዎቹም ከአክብሮት አብረዋት ተነሡ።

«እናንተን አከብራለሁ፤ እኔ ዘንድ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ግን ይኼ ቤት የኔ አይደለም፤ የዚያች ሴት ልጅ ቤት ነው» አለችና ወደ ሶንያ አመለከተች። «በር ተቆልፎባት የነበረችው እሷ ናት። ለእሷ ሽማግሌ ልካችኋል?»

አልላኩም ነበር። አልታሰበቻቸውም። ሶንያ ከንግግሩ አንድም ቃል ሳይገባት ሻይ ይዛ ቆማ ነበር። ሻዩን ሳይጠጡ ወጡ።

ክሱን አልተውኩም፤ ገና አላለቀም። ከዚያ ወዲህ ሠርግ ላይ ፊታቸውን የሚያዞሩብኝ ዘመዶች አሉ። የሰው ልጅ እንጀራ ዘጋች ይሉኛል። እኔን የሚያበግነኝ ስለ ሰውዬው እንጀራ ሲያወሩ በወንበር የወረደውን ሽማግሌ፣ በፎጣ የወጣውን ሕፃን አንድም ሰው አለማንሣቱ ነው። አለማወቅ ቢሆን እኔም ይቅር እል ነበር። እሱ ግን ብረቱን አይቷል። አይቶ ቧንቧ ነው አለኝ። ስንጥቁን አይቶ ቀለም ቀባበት። ጉልበቷን የሳማትን ሴት ከሥሩ አስተኝቶ ሄደ።

ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው። ግድግዳ ከመንካትህ በፊት መሐንዲስ አምጣ፤ ቃብላኑ የሚያመጣውን አይደለም፤ አንተ የመረጥከውን። ፈቃዱንና መድን ያለው መሆኑን ጠይቅ፤ ከተቆጣ ሸኘው። ሲቆርጥ ብረት ካየህ ሥራውን አስቁም፤ ምንም ይበልህ። ከላይ ያለው ጎረቤትህ «የቤቴ በር አልከፈት አለ» ካለህ ደግሞ አናጢ አትጥራ።

ባለፈው ሳምንት ናሕሊኤል በሚባለው ሠፈር ውስጥ ሳልፍ የቃብላኑን መኪና አንድ ሕንጻ ሥር ቆሞ አየሁት። ከላይ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። አልፌ መሄድ እችል ነበር። ወጥቼ አንኳኳሁ። የከፈተልኝ ከኛው ማኅበረሰብ የሆነ ወጣት ነው፤ ሚስቱ ከኋላው እርጉዝ ናት። ቃብላኑ ከውስጥ ቆሞ አየኝና መዶሻውን አወረደ። ግድግዳውን መሐንዲስ አይቶት እንደሆነ ልጁን ጠየቅሁት።

«ምን መሐንዲስ ያስፈልጋል፣ እሱ እኮ የኛ ሰው ነው» አለኝ።

«እኔም የእሱ ሰው ነበርኩ» አልኩት፤ የሆነውንም ሁሉ ቃብላኑ እየሰማ ነገርኩት።

ቃብላኑ ውሸት ነው አላለም። ሚስትየዋ የመሐንዲሷን ስልክ ጠየቀችኝ፤ ሰጠኋት። ደረጃውን ወረድኩ። ንዴቱ አልወጣልኝም። እውነቱን ለመናገር እንዲወጣልኝም አልፈልግም፤ ከወጣልኝ ሌላ ጊዜ ያንን መኪና ሳየው ዝም ብዬ አልፋለሁ ብዬ እፈራለሁ።