«አንተ ነህ ያጠፋኸው?» ይላል የቴሌቪዥኑ መርማሪ።

እኔ መስኮቱ ሥር መደቡ ላይ ነበርኩ። ልጄ ዘይነባ ሕፃኗን አዝላ በሩን ተደግፋ ቆማለች። ባሏ እንድሪስ ባጃጁን አቁሞ ገብቶ ቴሌቪዥኑ አፍንጫ ሥር ተቀምጧል። ድራማው ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገ መርማሪ ጠረጴዛውን ሲደበድበው፣ ተጠርጣሪው «አዎ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት!» ብሎ አለቀሰ። ካቴና ገባለት።

«አለቀ! መርማሪ ማለት እንዲህ ነው» አለ እንድሪስ።

እኔ በሕይወቴ አንድ መርማሪ ብቻ ነው ያየሁት። መነጽርም አልነበረውም።

ያኔ ከቆቦ ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር የምንኖረው። ወሩ ኅዳር ነው፤ ሜዳው ሁሉ የደረቀ አገዳ ይሸታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችን የአያ ይማም የማሽላ ክምር ተቀጣጠለ። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ በቅጠልና በአፈር ታገለው፤ ግማሹ ተረፈ። ነገር ግን ከአያ ይማም ልጅ ጋር እርሻ በሚጠጣበት የጎርፍ ውሃ ተራ ተጣልቶ ስለነበር ሰዉ አንሾካሾከ። ፖሊስ ጭሱ ሳይበርድ ደረሰና «ማነው ያጠፋው?» ብሎ ጮኸ። ሰይድ የሚመሰገን መስሎት ደረቱን ነፍቶ፣

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት!» አለ።

አስረው ቆቦ ወሰዱት። ክምር ያቃጠለ ሰው በወጣትነቱ ገብቶ ሸብቶ እንደሚወጣ ነበር የሚወራው። እናቴ እህል መቅመስ ተወች።

በሳምንቱ መርማሪው ሰይድን ይዞ መጣ። አጭር ሰው ነው፤ ጃንጥላ ይዟል፤ ጫማው አቧራ ጠጥቷል። እናቴ የሰጠችውን አሬራ ጠጥቶ ጢሙን ጠረገና «የዚያን ዕለት እንደነበራችሁ ቁሙ» አለን። እኔም ወፍ ስጠብቅበት ከነበረው ማማ ላይ ወጣሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ጭሱ መጀመሪያ ከየት ተነሳ?»

«ከአያ ይማም ጓሮ፣ አመድ ከሚደፉበት።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

በጃንጥላው ጫፍ ሣሩን ገለጥ ገለጥ አደረገ። ከአመዱ እስከ ክምሩ ድረስ ተቃጥሏል። ከዚያ ወደ ሰይድ ዞረ።

«ታዲያ አንተ ምኑን ነው ያጠፋኸው?»

«እሳቱን ነዋ! ሌላ ምን አጠፋሁ?»

ቀድመው የሳቁት አያ ይማም ናቸው። «ወይ ጉድ! በገዛ አመዴ ተቃጥዬ፣ እህሌን ያዳነውን ልጅ አሳሰርኩ!»

መርማሪው አልሳቀም። እናቴን «አብሽሪ፣ እናቴ» ብቻ አላት። እሷም ከቆመችበት መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ሰይድ ቆቦ ሄዶ ፈርሞ በዚያው ቀን ተመለሰ። እናቴ የማሽላ ቂጣ በቅቤ አሽታ አቀረበች። እሳቱን ሲያጠፋ የተቃጠለው እጁ ገና ስላልዳነ እኔ አጎረስኩት።

እንድሪስ አሁንም ካቴናውን እያየ ይደነቃል።

«ምኑን እንዳጠፋ ግን አልጠየቀውም» አልኩና ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።