ለሰአዳ የሰጠኋት ወንድም

ባሌ ይህን ነገር ሳይሰማ ሞተ። ልጆቼም አያውቁትም። መስገጃዬ ላይ ተደፍቼ ወንጀሌን ስቆጥር እንኳ ይህችን አልፌ ነው የምነሳው፤ አላህ የሚያውቀውን ምን ያስደግመኛል እያልኩ። አሁን እግሬም ዓይኔም እየደከሙ ነው። ለሚያውቁኝ ሰዎች መናገር አልቻልኩምና ለማታውቁኝ ለእናንተ ልናገር። የሰዎቹን ስም ቀይሬዋለሁ፤ የራሴን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ። ሙኒራ ነኝ፣ የኮልፌ ልጅ።

የሠራሁት ይህ ነው። በሰው ፊት ቆሜ ዋሸሁ፤ በዚያ ውሸት ሊጋቡ የነበሩ ሁለት ሰዎችን እህትና ወንድም አደረግኳቸው። ከዚያም ውሸቱ የሚታረምበት ቀን ደጄ ድረስ መጣ፤ እሱንም እኔው መለስኩት።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ነው። ያኔ የኮልፌ ሰው አብዛኛው ከሌላ አገር የመጣ ነበር፤ ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከወሎ፣ ከጅማ። ሐጂ ኑረዲን የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ፣ ልጆቻችን ከየት እንደመጣን ሳያውቁ ሊያድጉ ነው ብለው ተጨነቁና የሰፈሩን ታሪክና የየቤተሰቡን ትውልድ የሚያወሳ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ረጅም ስም ነበረው፤ ሰው ግን «ቆጠራ» ነው የሚለው። «የፊታችን እሁድ ቆጠራ የማን ነው?» ይባባላል። ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ በሐጂ ግቢ፣ ከእድር በተዋስነው አግዳሚ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። አንድ ቤተሰብ ተነስቶ አባቶቹን እየቆጠረ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሌላው ያዳምጣል፣ ያርማል፣ ሻይ ይጠጣል።

በሩ ለማንም ክፍት ነበር። ስህተቱን የሚያውቀው ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ አይታወቅም፣ ስለዚህ ማንም አይመለስ ይሉ ነበር ሐጂ። እስላሙም ክርስቲያኑም ይመጣል። ከአስኮ የሚመጡ አቶ ጉደታ የሚባሉ ኦሮሞ ሽማግሌ አባቶቻቸውን ትንፋሽ ሳይወስዱ ቆጥረው ካበቁ በኋላ፣ «እናንተ የከተማ ሰዎች ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ ያልባችኋል» እያሉ ያሾፉብን ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ያልበን ነበር።

ለእኛ ለሙስሊሞቹ ግን ከአባት ሌላ የሚቆጠር ነገር ነበር፤ ጡት። የአንዲት ሴት ጡት የጠቡ ሁለት ልጆች በደም ባይዛመዱም እህትና ወንድም ናቸው፤ አይጋቡም። አባት ይታወቃል። ማን ማንን አጠባ የሚለው ግን የሴቶች የጓዳ ወሬ ስለሆነ በአንድ ትውልድ ይረሳል። ስለዚህ ሁለት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ሊያጋቡ ሲያስቡ፣ ከኒካሁ በፊት ቆጠራ ላይ ቀርበው ስለ ጡትም እንዲጠየቁ ሐጂ ልማድ አድርገውት ነበር።

እኔ እዚህ ውስጥ ማን ነኝ? የአዋላጅ ልጅ። እናቴ ፋጡማ፣ አላህ ይዘንላትና፣ የሰፈሩን ልጆች ግማሹን በእጇ የተቀበለች ሴት ነበረች። ወተት የነጠፈባት ማን እንደሆነች፣ ማን እንዳጠባላት እሷ ታውቃለች። ስትሞት ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። «እናትሽ ነግራሽ ይሆናል» ይሉኛል። አንዳንዱን በርግጥ ነግራኝ ነበር፤ እኔም እየተነሳሁ መናገር ጀመርኩ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ አላገባሁም፣ መልኳ ያምራል ከሚባሉትም አልነበርኩም። ግን እኔ ስነሳ ሐጂ ኑረዲን ራሳቸው እጃቸውን አንስተው ሰውን ዝም ያሰኙልኝ ነበር። ያቺን ዝምታ ወደድኳት። እሁድ እስኪደርስ የምጠብቀው ለእሷ ስል ነበር።

የሰአዳና የጀማል ቤተሰቦች የቀረቡ ዕለት ግቢው ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰአዳ ጎረቤቴ ናት። ጀማል መርካቶ ከአጎቱ ጋር ሱቅ የሚሠራ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ልጅ ነበር። እንደሚዋደዱ የማያውቅ አልነበረም፤ እሷ ስታልፍ ሰላምታ መመለስ እንኳ ይረሳል እየተባለ ይቀለድበታል። የአባቶቹ ቆጠራ የትም አላገናኛቸውም፤ ሰው እልል ሊል ምንም አልቀረው። ከዚያ ሐጂ ስለ ጡት ጠየቁ።

የሰአዳ እናት እትዬ ሩቂያ ተነሱ። ሰአዳን እንደወለዱ ሕመም ጸንቶባቸው ሆስፒታል እንደገቡ፣ ባላቸውም ለንግድ ጅማ እንደነበሩ ተናገሩ። ሕፃኗን የያዘቻት እናቴ ናት፤ ጎረቤት አስጠብታልኛለች አሉ። የትኛዋ ጎረቤት? አያውቁም። እናቴን ሲጠይቋት «ደግ ሴት ናት፣ ይህ ይበቃሻል» ብላ ዝም አሰኝታቸዋለች። የሚያጠቡ ሴቶች ደግሞ ያኔ በሰፈሩ ብዙ ነበሩ።

«ሙኒራዬ፣ መቼም አንቺ አታጪውም» አሉኝ እትዬ ሩቂያ። «እናትሽ ነግራሽ የለ?»

አልነገረችኝም። «አላውቅም» ብል ማንም አይቆጣኝም ነበር። ሐጂ እጃቸውን አነሱ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ተነሳሁና፣

«እትዬ ዘሃራ ናቸው ያጠቧት» አልኩ።

እትዬ ዘሃራ የጀማል እናት ናቸው። ከእናቴ በፊት ሞተዋል፤ ተነስተው ሊያስተባብሉኝ አይችሉም። ከየት አመጣኋቸው? ስማቸው ቅድም ሲጠራ ጆሮዬ ላይ ቀርቶ ነው? በልጅነቴ እናቴ እሳቸው ቤት ስትገባ ስለማይ ነው? ይህን ሁሉ ለራሴ ብዬዋለሁ። ቀንቼ ነው ብላችሁ ምናልባት ትራሩልኝ ነበር። ግን ጀማልን አልተመኘሁትም፤ ሰአዳንም አልጠላኋትም። ያን ሁሉ ሰው አስጠብቄ «አላውቅም» ብሎ መቀመጥ ከበደኝ። ይኸው ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም። ምን እንደሚከተል አልገባኝም እንዳልል ደግሞ ገብቶኛል። ቃሉ ከአፌ እየወጣ እያለ ገብቶኛል።

ሐጂ ደነገጡ። «እርግጠኛ ነሽ ልጄ? አንድ ቀን ነው ወይስ ደጋግመው አጥብተዋታል?»

«እትዬ ሩቂያ እስኪሻላቸው ድረስ» አልኩ።

እንደ ልማዳቸው «ሌላ የሚያውቅ አለ? ስህተት የሰማ ይነሳ» ብለው ግቢውን ተመለከቱ። ማንም አልተነሳም። ሰአዳ ከሴቶቹ መሃል ሻሿን አፏ ላይ ይዛ አየችኝ። ታምነኛለች። ይህ ነበር ክፋቱ፤ ሁሉም አመኑኝ። በሳምንቱ ሸይኹ ተጠየቁና፣ እንዲህ ያለ ነገር ከተነገረ መተው ይሻላል አሉ። ኒካሁ ቀረ።

ጀማል ጥቂት ቀን ቆይቶ ፌርማታ ላይ አገኘኝ። ከስቷል።

«ሙኒራ፣ አላህን ፈርተሽ አንድ ነገር ንገሪኝ። እናትሽ በአፏ ነው የነገረችሽ?»

«በአፏ ነው» አልኩት።

«እንግዲህ ከሐራም አዳንሽኝ። አላህ ይስጥልኝ» ብሎኝ ሄደ። አመሰገነኝ እኮ! እኔም አውቶቡሱ ሲመጣ ተሳፍሬ ገበያዬን ሄድኩ።

እስከዚህ ያለውን፣ ልጅ ነበረች፣ አንዴ ካመለጣት በኋላ መመለስ አቃታት ብሎ የሚያልፍልኝ ሰው ይኖራል። የሚቀጥለውን ግን ማንም እንዳያልፍልኝ።

ወር ያህል ቆይቶ በአንዱ እሁድ፣ እንደ ወትሮዬ የግቢው በር ላይ ቆሜ የሚመጣውን ሰው እየተቀበልኩ አስቀምጣለሁ። አንዲት ነጠላ የለበሱ ክርስቲያን ሴት መጡ። አስካለ እባላለሁ፣ ቤቴ ቀራንዮ ነው አሉኝ።

«የፋጡማ ልጅ አንቺ ነሽ? ቁርጥ እናትሽን!» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሩቂያ ልጅ ሰርጓ ቀረ ሲባል ሰማሁ። ዘሃራ የምትሏትን ሴት እኔ አላውቃትም። ልጅቷን ያጠባሁ እኔ ነኝ። እናትሽ ጠቅልላ አምጥታ ሰጠችኝ፤ እናትየዋ ከሆስፒታል እስክትወጣ አንድ ቀን ከቤቴ አልወጣችም። ልጄን ከአንድ ወገን፣ እሷን ከአንድ ወገን አድርጌ ነው ያጠባኋት።»

ማን እንደሰማን ለማየት ወደ ግቢው ዞር አልኩ።

«አባትየው ክርስቲያን ቤት አደረች ብሎ እንዳይቆጣ፣ ለማንም ትንፍሽ አልልም ብዬ ለእናትሽ ቃል ሰጥቻታለሁ። ግን የሰው ትዳር ሲፈርስ እንዴት ብዬ ዝም ልበል? እዚህ ማንም ይገባል ሲሉኝ ጊዜ መጣሁ። እስቲ አስገቢኝና ልናገር።»

ሰአዳ ለሌላ ገና አልታጨችም። ጀማል መርካቶ ሱቁ ውስጥ ነው። ሴትየዋን አስገብቼ ወንበር ባሳያቸው ኖሮ ያንኑ ቀን ሁሉም ይስተካከል ነበር። እኔ ውሸታም እባላለሁ፣ እሁድ እሁድ ዝም ብሎ የሚያዳምጠኝ አይኖርም፣ በቃ። ከዚህ ሌላ የምከፍለው አልነበረም።

«እትዬ፣ ዛሬ የአባላት ስብሰባ ነው፤ እንግዳ አይገባም» አልኳቸው። «ለሐጂ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

«ትነግሪያቸዋለሽ?»

«እነግራቸዋለሁ። የእናቴ አጥንት ይውጋኝ።»

ሰዎች በአጠገባችን እያለፉ ይገቡ ነበር፤ አባላት መስለዋቸው ይሆናል። «እግዜር ይባርክሽ፣ የእናትሽ ልጅ ነሽ» ብለው መርቀውኝ ተመለሱ። ብዙም ሳይቆዩ ያ አብሯት የጠባው ልጃቸው ናዝሬት ሥራ ይዞ ወሰዳቸው ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። ቆጠራ ላይ እንግዳ አይገባም ተብሎ አያውቅም። ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያልኩትም ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ገብቼ ሻይ አደልኩ።

ሰአዳን ለአንድ የጅማ ነጋዴ ዳሯት። እዚህ ላይ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ። ጀማል ወንድሟ ነህ ከተባልኩ ወንድም ልሁናት አለ፤ አለ ብቻ ሳይሆን ሆነም። በሰርጓ ዕለት ከወንድሞቿ ጋር ቆሞ ሸኛት። ራሱ አግብቶ ልጆች ወልዶም፣ በየዓመቱ ጅማ ድረስ እየሄደ ይጠይቃት ነበር። ሰአዳ ልጅ አልወለደችም፤ ባልየው ሌላ አግብቶ እሷን ሲገፋት፣ ሄዶ አፋትቶ ወደ ኮልፌ የመለሳት ጀማል ነው። ሚስቱ ዙበይዳ «የባሌ እህት ናት» ብላ ግቢዋ ውስጥ ቤት ለቀቀችላት። እውነተኛው የጡት ወንድሟ ናዝሬት ይኑር ይሙት የሚያውቅ የለም።

ጃንሆይ ወረዱ። ሐጂ ሞቱ፤ ቆጠራም ቀረ። እኛ አረጀን።

ዛሬ ሰአዳ ከወገቧ በታች አይታዘዝላትም። ዙበይዳ ራሷን ችላ ከቆመች ጥሩ ነው። ሰአዳን ከአልጋ የሚያነሳት፣ እግሯን የሚያጥባት፣ ደጅ አውጥቶ ፀሐይ የሚያሞቃት ጀማል ነው፤ ወንድሟ ነዋ፣ ይፈቀድለታል። አሁን ሄጄ እውነቱን ብነግራቸው በዚያችው ደቂቃ ባዕድ ወንድ ይሆንባታል። ጀማልን አውቀዋለሁ፤ እጁን ይሰበስባል። እሷም ይህን ሁሉ ዓመት ፀጉሯን ገልጣ ፊቱ መቀመጧን እያሰበች ልትሸማቀቅ ነው። ያኔ ባሏን ወሰድኩባት። አሁን ደግሞ ወንድሟን?

ይህም ሰበብ ይሆን? ሊሆን ይችላል፤ ሰበብ ማግኘት እችልበታለሁ። እነሱን እንዳልጎዳ ብዬ ዝም ባልኩ ቁጥር የእኔም ስም አብሮ ይጠበቅልኛል። ሰው ዛሬም ሙኒራ ታውቃለች ይላል። ስለዚህ እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። የበደልኩት እናንተን አይደለም፤ የበደልኳቸውን ደግሞ እንዳልጠይቅ መንገዱን በገዛ እጄ ዘግቼዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሰአዳን ልጠይቃት ሄድኩ። ጀማል ደግፎ አስቀመጣት፣ ትራሷን አስተካከለላት፣ ሾርባዋን አጠገቧ አድርጎ ለሶላት ወጣ። እንደወጣ እጄን ያዘችኝ።

«ሙኒራ፣ ያኔ ተነስተሽ ስትናገሪ ስንት ዓመት እንደረገምኩሽ አታውቂም» አለችኝ። «እውነት በመናገርሽ ረገምኩሽ። አሁን ሳስበው ግን ባሌ ሆኖ ቢሆን ልጅ አልወለድሽልኝም ብሎ ይተወኝ ነበር፤ ያኛው እንደተወኝ። ወንድም ሆኖ ግን ይኸው አለ። ያ ሁሉ እርግማን በከንቱ ነው። ሳልሞት አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

ጣቶቿ ቀዝቅዘዋል። መልሴን እየጠበቀች ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«አውፍ ብዬሻለሁ» አልኳት።