አጥር የተሻገረው ዱባ

እናቴ ዱባ ስትገዛ ልጡን በጥፍሯ ትሞክራለች፤ ጀርባውን መታ መታ አድርጋ ድምፁን ታዳምጣለች። አንድ ጊዜ ከገበያ ያመጣችው እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ፣ በጣም ጣፋጭ ሆኖ ተገኘ። ፍሬውን ልትቆላው ስትል ጥቂት ለምኛት ከማድ ቤታችን ጀርባ፣ አመድ ከምንደፋበት ቦታ ቀበርኩት። ግንቦት ነበር። በራሴ እጅ ተክዬ ያበቀልኩት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

የምንኖረው ምሥራቅ የሚባል ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ያኔ በሰፈራችን ኮብልስቶን እየተነጠፈ ስለነበር የድንጋይ ጠራቢዎች መዶሻ ሲያስተጋባ ይውል ነበር። እኔ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርቱን ትቼ እናቴን አግዛለሁ። ሰው ፊት አፌ አይፈታም፤ እንግዳ ሲመጣ ማድ ቤት ነው የምገኘው። ዱባው ከበቀለ በኋላ ግን ጓሮ የምውልበት ሰበብ አገኘሁ።

ሐረጉ ከአመዱ ተነሥቶ የቀርከሃ አጥራችንን ወጣና ወደ ጎረቤታችን ግቢ ወረደ። ጎረቤታችን በዕድሜ የገፉ የሲዳማ ሴት ናቸው። ከቱላ መጥተው ከአንዲት ላምና ከጥቂት እንሰት ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። እማማ እላቸዋለሁ። ላሚቱ የምትታሰረው አጥሩ ሥር ስለሆነ ሐረጉ ሄዶ እበት ላይ አረፈ። በእኛ በኩል የወጡት አበቦች ሁሉ ረገፉ፤ በእሳቸው በኩል አንዱ ያዘ።

በቀርከሃው ክፍተት ሳየው የሕፃን ቡጢ ያክላል። እናቴን ጠርቼ ላሳያት ጣቴን ብቀስር እጄን መታችኝ። ጨቅላ ዱባ በጣት ከተጠቆመ ይበሰብሳል ትላለች፤ ማሳየት የፈለገ እጁን ጨብጦ ነው። ከዚያ ወዲያ ጨብጬ አሳየኋት።

በሐምሌ ዝናብ መጀመሪያ ድስት፣ ኋላ እንስራ አከለ። እማማ ላሟ እንዳትበላው ዙሪያውን እሾህ አጠሩለት፤ ሆዱን ጭቃ እንዳይነካው ደረቅ የእንሰት ቅጠል ጎዘጎዙለት። ጠዋት ጠዋት ላሟን በሲዳምኛ ሲያዋሩ ይሰማኛል። አንዳንዴ ዱባውንም የሚያዋሩት ይመስለኝ ነበር።

እናቴ እሾሁንና ጉዝጓዙን ባየች ጊዜ ሐሳቧ ተለወጠ። ሰው እንዲህ የደከመበትን የእኛ ነው ማለት ነውር ነው አለችኝ። እማማ ደግሞ አይቆርጡትም። ሁለቱ በአጥር ሲገናኙ ስለ ላሟ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ ይጫወታሉ፤ ዱባውን የሚያነሣ የለም። ዱባው ግን እዚያው በመካከላቸው ተጎልቶ በየቀኑ ይሰፋል። ፍልሰታ ገብቶ ወጣ። እኛም የጾሙን ወጥ ከገበያ በገዛነው ዱባ ሠራን።

መስከረም ላይ አንገቱ ደረቀ። ዱባ አንገቱ ሲደርቅ በስሏል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ እርጥብ መሬት ላይ ከቆየ ከሥሩ ይበላሻል። ዝናቡም አላቆመም። አንድ ጠዋት ከሆዱ በታች የጠቆረ እርጥብ ቦታና የጉንዳን መስመር አየሁ። ለእናቴ ብነግራት፣ እሳቸው ያውቃሉ ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በማግስቱ የጠቆረው ሰፋ። ዱባዬ ዓይኔ እያየ ሊበሰብስ ነው። ዘሩን እንኳ ሳላተርፍ መቅረቴን ሳስበው ምግብ አልበላ አለኝ።

ዓርብ ዕለት ቢላዋ ከነጠላዬ ሥር ይዤ ወጣሁ። በእማማ በር ከእናቴ ኋላ ኋላ ብዙ ጊዜ ገብቻለሁ፤ ብቻዬን አንኳኩቼ ግን አላውቅም። ሲከፍቱልኝ ሰላምታውን ረሳሁት።

"እማማ፣ ዱባው ሊበላሽ ነው" አልኩና ቢላዋውን አወጣሁ።

ቢላዋውን አዩ፤ እኔን አዩ።

"ጌታ ይመስገን" አሉ። "መቼ ይመጡ ይሆን እያልኩ ስጠብቅ። እነዚህ ሰዎች ዱባ መብላት ትተዋል እንዴ ብዬ ነበር።"

የእርስዎ ነው ብለን ነው አልኳቸው፤ ድምፄ ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም።

"የእኔ? ሥሩ የት ነው ያለው?" አሉና ወደ አጥሩ ወሰዱኝ።

ከአጥሩ ወዲያ ሳል ተሰማ። እናቴ ናት፤ በክፍተቱ አንድ ዓይኗ ብቻ ይታያል። እሾሁ ባይኖር ላሟ ትበላው ነበርና ዱባው የእማማ ነው አለች። እማማም ያሳደገው እበቱ ነው፣ እበቱ ደግሞ የላሟ ነው አሉ።

"እንግዲያው የላሟ ይሁን" አለች እናቴ።

እየሳቁ፣ እየተማማሉ ቀጠሉ። ወደ ዱባው የተመለከተ ግን አልነበረም። በዚህ ዓይነት እስከ ኅዳር እንደሚከራከሩ ገባኝ። እሾሁን ገፋ አድርጌ ተንበረከክሁና አንገቱን ቆረጥኩት።

"ከእናትሽስ አንቺ ትሻያለሽ" አሉ እማማ።

እናቴም በበሩ ዞራ መጣች፤ ለሦስት ማንሣት አቃተን። እማማ ከመንገዱ ሁለት ጠራቢዎችን ከነጋሪያቸው ጠሩ። አንደኛው ዱባውን ዞሮ ካየ በኋላ፣ ይሄን ለመንገዱ ብትሰጡን የሳምንት ሥራ ይቀንስልን ነበር አለ። በእማማ በረንዳ ላይ ሲሰነጠቅ ከውስጡ ያ አስኳል የመሰለ ቢጫ ወጣ። የተበላሸው ከመዳፌ አይሰፋም ነበር። እሱን አውጥተን ስንጥል እናቴ ከጎኑ ደህና ቁራጭ ከፍላ ለላሚቱ ሰጠቻት፤ ድርሻዋ ነው አለች። እማማ ቅቤ ከመጨመራቸው በፊት የእኛን ለይተው በዘይት ሠሩልን። ዓርብ መሆኑን ያስታወሳቸው ሰው አልነበረም።

ዘሩን አጥቤ በሰፌድ አሰጣሁት፤ ሲደርቅ ግማሹን ለእማማ ሰጠኋቸው። በቀጣዩ ግንቦት እንሰታቸው አጠገብ ተከሉት። ሐረጉ ቀርከሃውን ወጥቶ ወደ እኛ ወረደና ከአመዱ ዳር አንድ ዱባ ያዘ። እናቴ እሾህ አጠረችለት፣ ገለባ ጎዘጎዘችለት፤ ከእማማ ጋር በአጥር ሲጫወቱ ግን ስለ ዱባው ትንፍሽ አላለችም።

አንገቱ የደረቀ ቀን እናቴን አላማከርኳትም። አጥሩን ተጠግቼ፣ መንገድ ላይ እስኪሰማ ድረስ ተጣራሁ።

"እማማ፣ ቢላዋ ይዘው ይምጡ።"