ጎርፍ በር የያዘበት ሠርግ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከተማችን ጭሮ ከሰማይ የተነሣችውን ፎቶ በስልኳ አሳየችኝና ከተማውን ለሁለት የሚከፍለውን ነጭ መስመር እየነካች፣ «አክስቴ፣ ይሄ መንገድ ነው አይደል?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ያንን መስመር በወጣትነቴ እርሳስ ይዤ ስከተለው ከርሜአለሁ።

ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ስደርስ እኩዮቼ ይዳሩ ነበር። ከጎጃም ተመድቦ የመጣው የጂኦግራፊ መምህራችን ያኔ አሰበ ተፈሪ የምትባለውን የጭሮን ኮረብቶችና የጎርፍ መውረጃዎች በካርታ እንድናወጣ አዘዘን። በእግሬ ያልረገጥሁትን አላሰምርም ብዬ ጓደኞቼን አስመረርኋቸው። በሰፈራችን ሜዳ የሚባለው ለጋ የምንለው ደረቅ የወንዝ መውረጃ ብቻ ነበር፤ ያ ነጭ መስመር እሱ ነው። በበጋ ገበያተኛው ይሄድበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል፣ የሠርግ ዳስም የሚጣለው እዚያው አሸዋ ላይ ነው። እኔ ግን ካርታዬ ላይ እንደ ወንዝ በሰማያዊ ቀባሁት።

ያን ዓመት ከፋሲካ በኋላ ጓደኛዬ አስናቀች ልትዳር ሆነ። አባቷ ጋሽ ወርቁ የዳሱን እንጨት ለጋው ላይ ሲያስተክሉ አየሁ። ወቅቱ በልግ ነው፤ ከተማው ላይ ፀሐይ እያለ ተራራው ላይ ከዘነበ ጎርፉ ሳይታሰብ ይደርሳል፤ ሙሽሪትም እድምተኛውም መሐሉ ናቸው። እንደ ምንም ደፍሬ ነገርኋቸው።

«ልጄ፣ ጎርፉን ሠርግ የጠራው የለም» አሉኝ፣ እንጨት ተካዮቹን እያሳቁ።

ዳር ካለው የቁልቋል አጥር ላይ ተጠላልፎ የደረቀ ገለባ አሳየኋቸው፤ ከቁመታቸው በላይ ነበር።

«ታዲያ ይሄን ማን ሰቀለው፣ ጋሼ?»

ቀና ብለው ብዙ አዩት። ከዚያ አንዱን እንጨት በገዛ እጃቸው ነቀሉ።

ዳሱ ኮረብታው ወገብ ላይ ተጣለ። አግዳሚዎቹ እንዳይንሸራተቱ እግራቸው ሥር ድንጋይ ተደረገ፤ የዶሮ ወጡ መረቅ በሳህኑ አንድ ወገን እየተጠራቀመ አስቸገረ። እድምተኛው «የተማሪዋ ዳስ» እያለ ሲተርበኝ አንገቴን ደፋሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ጎርፉ ባይመጣ ምን ይውጠኛል? ይምጣ ብሎ መመኘትም ነውር ነው።

ከቀትር በኋላ ከወደ ተራራው እንደ ከባድ መኪና ያለ ድምፅ ተሰማ። ድፍርስ ውኃ ግንድ እየገፋ መጥቶ ያን ሜዳ ሞላው። ሴቶቹ እልል አሉ። አስናቀች ከነቬሎዋ ሮጣ አቀፈችኝ።

ሙሽራው ግን ከነሚዜዎቹ ማዶ ቀረ። ወትሮ በር ይዘው በዘፈን የሚከለክሉት የሙሽሪት ጓደኞች ናቸው፤ ያን ቀን ጎርፉ ያዘልን። እኛ ከወዲህ፣ እነሱ ከወዲያ በዘፈን ስንሰዳደብ ቆየን። ጋሽ ወርቁ አጠገቤ መጥተው ማዶውን እያዩ፣ «የጎርፉን መንገድ አወጣሽ፤ የሙሽራውን ረሳሽው» አሉኝ። ውኃው ሲጎድል ሚዜዎቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ተሻገሩ።

ዛሬ የአስናቀች የልጅ ልጆች የሚያውቁት አያታቸው ለገዛ ሠርጉ መዘግየቱን ብቻ ነው። ስለ ቁልቋሉ ገለባ የነገራቸው የለም፤ እኔም አልነግራቸውም። ያልደረሰ አደጋ ታሪክ የለውም፤ የሚተርፈው ሳቁ ነው።